ደጁ ገጠር የሆነ ቤት

ከጎንደር ወደ ዳባት በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ነን። ፀሐይ ገና የተራራውን ጫፍ ብቻ ነክታለች። ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቧል። እኔ ትንሽ አየር ፈልጌ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈት አደረግሁት። ወዲያው ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እባክህ መስኮቱን ዝጋልኝ። ነፋሱ ይመታኛል።»

«እሺ፣ እማማ።»

ዘጋሁት። ይህን ልመና ሳይሰማ አገር አቋርጦ የሚያውቅ መንገደኛ የለም። ብርድ መታኝ፣ ነፋስ ገባብኝ፣ ምች አገኘኝ እንላለን። የታመመ ሰው ይሸፈናል፤ በሩ ይዘጋበታል፤ ጨለም ያለ ጓዳ ይተኛል። ይህ ፍቅር ነው፤ ማንም አይንቀውም። ነገር ግን ለብዙ ቀናት በጎንደር የሕክምና ቤቶች ስዞር የቆየሁት ስለዚሁ መስኮት እያሰብኩ ነበር። ጎንደርን ሰው የሚያውቃት በግንቦቿ ነው። እኔ ግን የከተማዋ የሕክምና ታሪክ አንድ ጥያቄ ይዞ የሚሄድ መሰለኝ፤ በሽታ ሲመጣ የትኛው ቤት በሩን ከፈተ? ለማንስ ከፈተው?

የቁስቋም መስኮቶች

ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ደብረ ፀሐይ በሚባለው ኮረብታ ላይ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ ይገኛል። እቴጌይቱ ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉ በኋላ ነው ቁስቋምን ያሠሩት። ስሙ እመቤታችን ከነልጇ በግብፅ ያረፈችበትን ቦታ ያስታውሳል። ግድግዳው በጥቁር ድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። መስኮቶቹና ቅስቶቹ በቀይ ድንጋይ ተከፍፈዋል፤ በግድግዳው ላይ መስቀልና አንበሳ በዚያው ቀይ ድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። ጣሪያው የለም። እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህም ግቢ ተቃጥሏል። ዛሬ በአዳራሹ ውስጥ ሣር በቅሏል፤ መስኮቶቹ ግን እንደ ተከፈቱ ቀርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ላይ በእነዚህ ክፍሎች ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ከታመሙት መካከል የእቴጌይቱ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ቤተሰብ ልጆች ይገኙበታል። ያን ሰሞን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ደርሶ ነበርና ወደ ቁስቋም ተጠራ። ብሩስ የተመረቀ ሐኪም አልነበረም፤ የሕክምናውን ነገር የተማረው በሶርያ ሐላብ ከተማ ከሚሠራ ወዳጁ ከዶክተር ራስል ነው። በጉዞ መጽሐፉ እንደሚተርከው መጀመሪያ የነካው በሽተኞቹን ሳይሆን ቤቱን ነበር። አሽከሮቹን ሁሉ ለሥራ አሰማራ። በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ። ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሞቀ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ።

ለፈንጣጣ ያኔ የሚሰጥ መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬም ዕጣን ቫይረስን ገደለ አንልም። ንጹሕ አየርና ንጹሕ ወለል ግን አስታማሚውንም በሽተኛውንም ይጠቅማሉ። ደግሞም የማጠኑ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት የተከሰተውን የኅዳር በሽታ እያሰብን እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን እናጥናለን። የክትባት ሐሳብም ቢሆን ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም። አባቶቻችን ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ወስደው ጤነኛውን በመክተብ ያስተላልፉት ነበር። ቃሉ ራሱ ምስክር ነው፤ ክትባትና አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብ የሚወለዱት «ከተበ» ከሚለው ከአንዱ ግንድ ነው። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ ጨርሶ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ቁስቋም ላይ መስኮት ከተከፈተበት ቀን እስከዚያ ድረስ ሁለት መቶ ስድስት ዓመት አልፏል።

ወሸባ

ከቁስቋም ወርደን ወደ ፋሲል ግቢ እንግባ። ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ የመሠረቱትን ግንብ ነው። እኔ ግን ቶሎ የሚያልፉትን አንድ ዝቅ ያለ ቤት ፈለግሁ፤ ወሸባውን። በሞቀ ድንጋይ ላይ ውሃ እየፈሰሰ በእንፋሎቱ ሰው የሚያልብበት ቤት ነው። ጣሪያው ጉልላት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ቀዳዳው ጥቂት ነው። ሙቀት እንዳያመልጥ የተሠራ ቤት እንዲህ መሆን አለበት።

በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው ልዩነት አሳሰበኝ። ቁስቋም ላይ ሕክምናው አየርን ማስገባት ነበር፤ ወሸባው ውስጥ ደግሞ አየርን ማፈን። አንዱ ለሚተላለፍ በሽታ፣ ሌላው ለቆዳ፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለድካም ይሆናል። ስለ ቆዳ ካነሣን፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ከካይሮ በሱዳን በኩል ጎንደር የገባው ዐፄ ኢያሱን ከቆዳ ሕመም ሊያክም ነው። ወሸባ የሚለው ቃል በዘመናችን ሌላ ሥራም ያዘ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ለይቶ ማቆያውን ወሸባ ብለው የጠሩት አሉ። ያው ጥንታዊ ሐሳብ ነው፤ ሰውን ለተወሰነ ጊዜ ከሌላው ለይቶ በአንድ ቤት ማቆየት።

እነዚህ ሁሉ ግን የቤተ መንግሥት ቤቶች ናቸው። ወሸባውም፣ የቁስቋም ሰፊ ክፍሎችም፣ ከካይሮ የመጣው ሐኪምም ለነገሥታቱና ለልጆቻቸው ነበሩ። አሥራ ሁለት በር ያለው የፋሲል ግቢ አጥር ውጭ የሚኖረው ሰው በኮሶው፣ በጸበሉና በጎረቤቱ ይታመን ነበር።

ንጽሕና ሰውን ሲለይ

ጣሊያን ጎንደርን ከያዘ በኋላ የከተማዋን ዕቅድ የነደፈው የፍሎረንስ ሰው ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት ነበር። ዛሬ ፒያሳ የምንለው፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ያሉበት አካባቢ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ማዕዘናቸው ክብ ያለ፣ ገጻቸው የተለሰነ፣ በረንዳቸው ጥላ የሚሰጥ ቤቶች ናቸው። ለዓይን ያምራሉ፤ አየርና ብርሃንም በደንብ ያስገባሉ።

ዕቅዱ ግን ሰውን ለሁለት ይከፍል ነበር። ነጮቹ በአንድ ሰፈር፣ የአገሩ ባለቤት በሌላ ሰፈር። በዚያ ዘመን በብዙ የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ለእንዲህ ያለው አጥር ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ የጤና ጥበቃ ነበር። ንጹሕ አየር የአንዱ ወገን መብት፣ በሽታ የሌላው ወገን ባሕርይ ተደርጎ ተሳለ። ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል። መስኮት መክፈትን የሚያውቅ ጥበብ በር መዝጊያ ሆኗልና። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ምሽጉን ጎንደር ላይ ያስረከበው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1941 ነው። ሕንፃዎቹ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የነበረው ጥያቄ ንጽሕናን ከአጥሩ ማን ያወጣዋል የሚል ነበር። መልሱ የመጣው ከደንቢያ ነው፤ በለቅሶ ታጅቦ።

የደንቢያ ክረምት

ከጎንደር ወደ ደቡብ በአዘዞ በኩል ስትወርድ መሬቱ ይሰፋል፤ አፈሩ ይጠቁራል፤ ሰማዩ ዝቅ ይላል። ጣና ከሩቅ እንደ ብር ሳህን ይታያል። ይህ የደንቢያ ሜዳ ነው፤ የጤፍ፣ የሽምብራ፣ የኑግ አገር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስትቀመጥ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ልዩነቱ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለወባ ትንኝ ግን ያ ሦስት መቶ ሜትር ድንበር ነው። ነገሥታቱ ሜዳውን ከላይ እያዩ ኮረብታው ላይ መስፈራቸው ለጤናም በጅቷል።

ችግሩ ድንበሩ በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ አለመቆሙ ነው። ክረምቱ ሲረዝምና ሙቀቱ ከፍ ሲል ትንኟ ወደ ላይ ትወጣለች። በየዓመቱ ወባ የሚነካው ቆላ ሰው ጥቂት መከላከያ በደሙ ይዟል፤ ለዓመታት ሳይነካው የቆየ አገር ሰው ግን ወረርሽኙ ሲመጣ ሕፃን አዋቂ ሳይል ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1953 ገደማ ደንቢያ ላይ የሆነው ይህ ነው። ሰባት ሺህ ያህል ሰው እንደ ረገፈ ይነገራል። ወቅቱ መስከረም አልፎ አዝመራ የሚደርስበት ነውና አጫጁ ሲተኛ እህሉም ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ከወባው የተረፈውን ረሃብ ይጠብቀዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1958 ይኸው ወባ በመላ አገሪቱ ደጋማ አካባቢዎች ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150 ሺህ ያህሉን ገድሏል።

ኮሌጁ

ከደንቢያ ዕልቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ትብብር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ከዚህ አሥር ዓመት በኋላ በ1964 ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ የጤና ባለሙያ ማፍራት የጀመረችው ሐኪም በማሠልጠን አልነበረም፤ ሦስት ዓይነት ሰው አንድ ላይ በማሠልጠን ነው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። መኮንኑ በሽተኛውን ይመረምራል፤ ቡድኑንም ይመራል። ነርሷ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ትውላለች። ሳኒታሪያኑ ደግሞ ውሃውን፣ መጸዳጃውን፣ ሥጋ ቤቱን፣ መኖሪያውን ያያል።

ስለ ሕንፃ ስናወራ በጣም የምናፍርበትም የምንኮራበትም ሰው ሳኒታሪያኑ ይመስለኛል። ማንም ሐውልት አላቆመለትም። እሱ ግን በእውነት አርክቴክት ነበር። ምንጭ ያጎለብታል፤ ውሃው ከከብት ኮቴ ተለይቶ በቧንቧ እንዲወርድ ያደርጋል። መጸዳጃው ከጉድጓድ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ይለካል። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ጎጆ መካከሉ ይከፈል ይላል። ጭስ የሞላበት ቤት መስኮት ይውጣለት ይላል። ቁስቋም ላይ ለንጉሥ ቤተሰብ የተከፈተው መስኮት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለገበሬው ጎጆ ይከፈት ተባለ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የኮሌጁ ንድፍም ይህንን ሥራ ይመስል ነበር። ሆስፒታሉ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ይቁም እንጂ የመማሪያው ሌላ ክንፍ ገጠር ነው። ተማሪዎቹ ወባ ወደ ፈጀችው ደንቢያ፣ ወደ ቆላድባ ጤና ጣቢያ እየወረዱ በዚያ እየኖሩ ይሠለጥኑ ነበር። አንድ አርክቴክት ይህን ኮሌጅ በትክክል ሣልልኝ ቢባል የሆስፒታሉን ክፍሎች ብቻ ከሣለ ግማሹን ትቶታል። ወደ አዘዞ የሚወርደው መንገድ የቤቱ ኮሪደር ነው፤ ቆላድባ ሌላው ክፍሉ ነው፤ የገበሬው ደጅ መውጫው ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 ኮሌጁ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1978 በምሥራቅ ጀርመን ላይፕዚግ ከነበረው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው። የተለያየ ሙያ ያላቸውን ተማሪዎች አንድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልከው የቡድን ሥልጠናም እስከ ዘመናችን ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር፣ በየቀበሌው ሁለት ሴት ልጆችን ያሰማራው፣ የዚህ አሳብ ታናሽ እህት ነው ብል አላጋነንኩም።

በረንዳ

የሆስፒታሉን ግቢ ጠዋት ማየት ይገባል። ዝቅ ያሉ አሮጌ ቤቶችና ከፍ ያሉ አዳዲስ ፎቆች ጎን ለጎን ቆመዋል። በዛፍ ሥር፣ በደረጃ ላይ፣ በበረንዳ ጥግ አስታማሚው ተቀምጧል። አንዱ ከፔርሙስ ሻይ ይቀዳል። አንዷ በፌስታል የያዘችውን እንጀራ እያሰበች የጥየቃ ሰዓትን ትጠብቃለች። ከገጠር በቃሬዛ የመጣን ሰው ያጀቡ ጎረምሶች ጋቢ ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈዋል። በእኛ አገር አንድ ሰው ሲታመም የሚተኛው አንድ ሰው አይደለም፤ ቤተሰብ ነው፤ አንዳንዴም መንደር ነው። የትኛውም የሆስፒታል ንድፍ አስታማሚን ረስቶ ቢሠራ አስታማሚው ራሱ ቦታውን ይፈጥራል። በረንዳ ያለው ቤት አስቀድሞ አስቦለታል።

አሮጌ የሕክምና ቤቶች ሌላም ያሰቡት ነገር አለ። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም በሽተኛው ሲያስል አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ አየሩ ካልተለዋወጠ ለሰዓታት እዚያው ይቆያል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳየ። ጥናቱ ሲደረግ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው የሰፋ ክፍሎች መስኮትና በር ሲከፈት አየራቸው በሰዓት 40 ጊዜ ያህል ይለዋወጣል። በአዳዲሶቹ ክፍሎች 17 ጊዜ ያህል ነው። በማሽን አየር የሚለወጥላቸው ክፍሎች የሚጠበቅባቸው 12 ጊዜ ነበር። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ ጥገና ይፈልጋል፤ መለዋወጫ ይፈልጋል። መስኮት የሚፈልገው የሚከፍተው እጅ ነው።

ስለዚህ አሮጌውን ክፍል «ጊዜው ያለፈበት» ብሎ ለማፍረስ የሚቸኩል ሰው ቆም ብሎ ጣሪያውን ይለካ እላለሁ። የጎንደር ብርድ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌሊት በሽተኛው ይበርደዋል፤ አስታማሚው መስኮቱን ይዘጋል፤ መብቱም ነው። መፍትሔው ግን ሰውየውን መቆጣት አይደለም። አየሩ ከራስጌው በላይ የሚያልፍ ከፍ ያለ መስኮት፣ ሁለተኛ ብርድ ልብስ፣ ለምን እንደሚከፈት በትዕግሥት የሚያስረዳ ነርስ ያስፈልጋል። ጥሩ ሕንፃ ሰውን ከብርዱና ከጀርሙ አንዱን ምረጥ አይለውም።

በዚሁ የጎንደር ሆስፒታል ግቢ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። ካላዛር የደጋ በሽታ አይደለም፤ ወደዚህ የሚመጣው ግን በደጋ ሰው ሥጋ ነው። መሬት ያነሰው ወጣት በየዓመቱ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳል። ቀን ያርማል፤ ሌሊት ግራር ሥር ሜዳ ላይ ይተኛል። የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ትንሽ ነፍሳት በዚያ ስንጥቅጥቅ ባለ ዋልካ መሬትና በዛፎቹ ሥር ትኖራለች። በነከሰችው በወራት ውስጥ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይገድለዋል። ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ሲደራረብ ደግሞ እየዳነ ይመላለስበታል። ጎንደርና አብዱራፊ ላይ በተካሄደ ጥናት አምቢዞም የሚባለው መርፌ ከሚልቴፎሲን እንክብል ጋር ሲሰጥ የተሻለ እንደሚያድን ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለነዚህ በሽተኞች የመከረው ይህንኑ ጥምረት ነው። ጎንደር ላይ የተኛ የቀን ሠራተኛ ደም ለዓለም መመሪያ ሆነ። ይህን ማወቅ ለዚያ ወጣት ይገባዋል።

ግድግዳ የሌለው ቤተ ሙከራ

ሚኒባሳችን ኮሶዬን አልፎ ወገራ ገብቷል። የገብስ ማሳው እስከ አድማስ ይዘልቃል፤ በአምባ ጊዮርጊስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ዳባት ደረስን። እዚህ የመጣሁት ሕንፃ ለማየት ነው ብዬ ልናገር አልችልም፤ የመጣሁት ሕንፃ የማያስፈልገውን ምርምር ለማየት ነው።

የጎንደር የሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን ጉልበት ይፈልጋል። በተመረጡት ቀበሌዎች ያለ እያንዳንዱ ቤት ይመዘገባል። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ገባ ተብሎ በየጊዜው ይጠየቃል። ሰው ሐኪም ሳያየው በቤቱ ሲሞት ጠያቂው ለቅሶው ካለፈ በኋላ ተመልሶ ቤተሰቡን በጥሞና ያነጋግራል። ትኩሳት ነበረው ወይ? ስንት ቀን አሳለ? እናትየው ከወሊድ በኋላ ደም ፈሰሳት ወይ? ከመልሱ ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። ያለዚህ ያ ሰው በአገሪቱ መዝገብ ሳይኖር ይቀራል፤ በምን እንደ ሞተ ካልታወቀ ደግሞ ቀጣዩን ማዳን አይቻልም።

ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2021 ዳባት ደጃፍ ድረስ መጥቷል። ከዚያም በኋላ መንገድ የሚዘጋበት፣ በሽተኛና ሐኪም የማይገናኙበት ቀን ብዙ ነበር። ይህ የተለየ ጉዳት አለው። የጎንደር ጤና ኮሌጅ ዋና ኮሪደሩ መንገድ ነው ካልን፣ መንገድ ሲዘጋ ከሆስፒታሉ አንድ ክንፍ እንደ ፈረሰ ይቆጠራል። ግድግዳው ቆሞ ቤቱ ሊፈርስ ይችላል።

ታዲያ ከዚህ ታሪክ የምንጠብቀው ምንድን ነው? የቁስቋም ድንጋይ ይጠበቅ። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ ይገባዋል። የጤና ኮሌጁ አሮጌ ክፍሎችም በቅርስነት ይቆጠሩ፤ በንጉሥ ስላልተሠሩ ታሪክ የላቸውም አይባልም። ከድንጋዩ በላይ ግን የሚጠበቀው ያ ንድፍ ነው፤ የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ ሆነው ወደ ሰው ደጅ የሚወጡበት። ፎቁ ምንም ያህል ከፍ ቢል ተማሪው ወደ ቆላድባ መውረዱን ከተወ ኮሌጁ የተሠራበትን ምክንያት ረስቷል።

ዳባት ላይ አንድ መረጃ ሰብሳቢ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ በአቀበቱ ወደ አንድ ጎጆ ሲወጣ በዓይኔ ተከተልኩት። ውሻው ጮኸ። ወጣቱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንደ ወጉ ተጣራ።

«ቤቶች! እንዴት አደራችሁ?»

ከውስጥ የሴት ድምፅ መለሰ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማነህ ልጄ? ግባ፣ ግባ።»

ከዚያም የቤቱ በር ተከፈተ። ጭሱ ቀድሞ ወጣ፤ ብርሃኑ ገባ።